«ዛወርሽቶፍፍላሸ» በስንት ኤፍ ይጻፋል? ጠርሙስ ነው ወይስ ሲሊንደር?

ተረኛዋ ነርስ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጀርመን አገር በነርስነት ለመሥራት ቋንቋውን እየተማርኩ ነው። የሕክምና ቃላት ምዕራፍ ላይ ስደርስ «ዛወርሽቶፍፍላሸ» የሚል ቃል ገጠመኝ። መጽሐፉ ኤፍን ሦስት ጊዜ ደርድሮ ጽፎታል፤ አብራኝ የምትማር ልጅ ግን የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ትላለች።

ከአጻጻፉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ትርጉሙ ነው። «ዛወርሽቶፍ» ኦክስጅን፣ «ፍላሸ» ደግሞ ጠርሙስ ነው ተብለን ተምረናል። እኛ ክፍል ኦክስጅን ስንሰጥ የብረቱ ሲሊንደር ለብቻው ይቆማል፤ የጋዙን ፍሰት ከሚለካው ፍሎው ሜትር ሥር ደግሞ ውሃ የተሞላች፣ ኦክስጅኑ እየተንቦቀቦቀ የሚያልፍባት ትንሽ ጠርሙስ አለች። ቃሉ የሚጠራው የትኛውን ነው? ሌሊት አንዱን አምጪ ተብዬ ሌላውን ይዤ ብመጣ ዋጋውን የሚከፍለው ትንፋሽ ያጠረው በሽተኛ ነው።

ከሸዋ ሮቢት

በሁለት ኤፍ ጻፊው እህቴ። እኔ በተማርኩበት አሮጌ መጽሐፍ የመርከብ ጉዞ የሚለው «ሺፍፋርት» በሁለት ነበር የተጻፈው።

ጡረተኛው በያጅ፣ ደብረ ሲና

ልጄ፣ ሦስቱንም ጻፊ። መጽሐፍሽ ልክ ነው።

ወንድሜ ያነበቡት አሮጌ መጽሐፍም አልተሳሳተም፤ ደንቡ ግን ለዚህኛው ቃል አይሆንም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የጀርመንኛ አጻጻፍ ከመሻሻሉ በፊት፣ ሁለት ቃላት ሲጋጠሙ አንድ ተነባቢ ሦስት ጊዜ ከተደረደረና አናባቢ ከተከተለው አንዱ ይጣል ነበር። «ሺፍ» እና «ፋርት» ሲገጥሙ ከኤፎቹ ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢ ስለሆነ አንዱ ኤፍ ወደቀ። የሚከተለው ተነባቢ ከሆነ ግን ሦስቱም ይጻፉ ነበር። «ፍላሸ» ውስጥ ከኤፍ ቀጥሎ ያለው ኤል ነው። ስለዚህ የአንቺ ቃል ከማሻሻያውም በፊት ሦስት ነበር፤ ዛሬም ሦስት ነው። አሁን «ሺፍፋርት»ም ሦስት ሆኗል። በድሮው ይዞታቸው የቀሩት እኩለ ቀንን እንደሚጠራው «ሚታግ» ያሉ ጥቂት ቃላት ናቸው።

ትርጉሙን ከፈለግሽ የጀርመንኛን ጥምር ስም ከጅራቱ ያዢው። ነገሩ ምን እንደሆነ የሚነግርሽ የመጨረሻው ቃል ነው። ጾታውንም የሚወስነው እርሱ ነው፦ «ዛወርሽቶፍ» ለብቻው የወንዱን መስተአምር «ዴር» ይወስዳል፣ «ፍላሸ» ሲጨመርበት የሴቷ «ዲ» ይሆናል። ሲበዛም የሚለወጠው ጅራቱ ብቻ ነው፣ «ፍላሸን» ይባላል።

«ፍላሸ» ደግሞ የብርጭቆ ጠርሙስ ብቻ አይደለም። ጋዝ ታምቆ የሚቀመጥበት የብረት ሲሊንደርም በዚሁ ስም ይጠራል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በብየዳ ነው፤ ይህን ቃል የማውቀው ከጀርመን ከመጡ የመሣሪያ መመሪያዎች ሲሆን በሥዕሉ ላይ የኦክስጅኑና የአሲቲሊኑ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። መመሪያዎቹ አጥብቀው የሚያሳስቡትን ልንገርሽ፤ ለሆስፒታልም ይሠራል። የኦክስጅን ቫልቭ ዘይትና ቅባት አይንካው። ቅባት የተቀባ እጅ እንኳ መጥፎ ነው፤ በታመቀ ኦክስጅን ፊት ቅባት በቀላሉ ይቀጣጠላል።

የውሃዋ ጠርሙስ «በፎይሽተር» ትባላለች፤ ማርጠቢያ ማለት ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፣ መሐል ሜዳ

ጋሼ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። እኔ ስለ ፊተኛው ክፍል ልጨምር። «ዛወር» ኮምጣጣ፣ «ሽቶፍ» ደግሞ ንጥረ ነገር ወይም ቁስ ነው። ኦክስጅን ምኑ ይኮመጥጣል ብትይ፣ ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦክስጅን በአሲዶች ሁሉ ውስጥ አለ ብሎ ስላመነ አሲድ ፈጣሪ የሚል ስም ከግሪክኛ አወጣለት፤ ጀርመኖች ያንን በገዛ ቋንቋቸው መለሱት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ኦክስጅን እንደሌለ በኋላ እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ቢያሳይም ስሙ አልተለወጠም።

የቃላቱን ቅደም ተከተል ለመያዝ የከተማሽን ስም ገልብጠሽ አስቢው። በግእዙ «ደብረ ብርሃን» ውስጥ ዋናው ቃል ደብር ነው፣ ከፊት ይመጣል። ጀርመንኛ ግን እንደ አማርኛው «የኦክስጅን ሲሊንደር» ዋናውን ከኋላ ያስቀምጣል። ቤተ መንግሥትን በምታነቢበት መንገድ ካነበብሽው ከሲሊንደር ይልቅ የሲሊንደር ኦክስጅን ይሆንብሻል።

ተረኛዋ ነርስ፣ ደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ፈተናው በእጅ የሚጻፍ ነው። ሦስቱ ኤፎች ተጣብቀው ለአራሚው እንዳይምታቱበት ብለያያቸው ነጥብ ያስቀንሳል?

ጡረተኛው በያጅ፣ ደብረ ሲና

በጭረት ከሆነ ይፈቀዳል ልጄ። ከሁለተኛው ኤፍ በኋላ ጭረት አድርጊና «ፍላሸ»ን በትልቁ ኤፍ ጀምሪ። ያለ ጭረት ክፍት ቦታ ትተሽ ከለያየሽው ግን ስህተት ነው።