የዊልኪንሰን ካታሊስት ቀይ ቀለሙ ጠፋ፤ ሞተብኝ ማለት ነው?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ደሴ ነኝ፣ የማስተርስ ሥራዬ ላይ። ካርቮን፣ ያ ናናን ናና የሚያሸተው ነገር፣ ሁለት የካርቦን-ካርቦን ድርብ ቦንድ አለው አይደል? አንዱ ቀለበቱ ውስጥ ከኪቶኑ (ኦክስጅን ከተያያዘበት ካርቦን) አጠገብ፣ ሌላው ውጭ በተንጠለጠለችው ቅርንጫፍ ላይ። እኔ የምፈልገው የውጭውን ብቻ በሃይድሮጅን መሙላት ነው። ፓላዲየም ካርቦን የሚባለው ካታሊስት (ምላሹን የሚያፋጥን ነገር) ሁለቱንም ጠራርጎ በላው። አማካሪዬ ዊልኪንሰንን፣ ያን የሮዲየም ካታሊስት፣ ሞክሪ አሉኝ፣ በስንት ልመና ትንሽዬ ጠርሙስ ተገኘች። ቶልዊን በሚባለው ማሟሚያ ውስጥ ስትሟሟ ደስ የሚል ቀይ ነበረች፣ የሃይድሮጅን ፊኛውን ስሰካ ግን ገርጥታ ቢጫ ሆነች። ላቁመው ወይስ ልቀጥል?

ቦርከና፦
አብሽሪ እህቴ፣ ቀጥይ። እንዲያውም ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ሮዲየሙ አንድ ክሎሪንና ሦስት ትራይፊኒልፎስፊን (ባጭሩ ፎስፊን) ይዟል። ሲሟሟ አንዱ ፎስፊን ይለቅና ቦታ ይከፈታል፣ ሃይድሮጅኑ ለሁለት ተሰንጥቆ እዚያው ሮዲየሙ ላይ ይቀመጣል፣ ቢጫ ያደረገውም ይሄ ነው። ከዚያ ድርብ ቦንዱ ይጠጋና ሁለቱንም ሃይድሮጅን በአንድ ወገን ይቀበላል።
ለምን ይመርጣል ካልሽ፣ ፎስፊኖቹ እያንዳንዳቸው ሦስት ፊኒል (የካርቦን ቀለበት) የተሸከሙ ግዙፎች ናቸው። በሥራ መውጫ ሰዓት የኮምቦልቻ ሚኒባስ በይው፣ ቀጭኑ ይሾልካል፣ ሻንጣ የያዘው በር ላይ ይቀራል። የውጭው ቦንድ ጫፉ ባዶ ስለሆነ ይገባል፣ የቀለበቱ ግን በሦስት ወገን የታጨቀ ነው። ኪቶኑንማ ዞር ብሎም አያየው።
በነገራችን ላይ ዊልኪንሰን ራሱ በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው በዚህ እንዳይመስልሽ፣ ብረት በሁለት ቀለበቶች መሃል በሚቀመጥባቸው በሳንድዊች ውሁዶች ነው።

ሐረጎ፦
ልክ ነው፣ ግን ሁለት ዓይነት ቢጫ አለ። ካታሊስቱ አልዲሃይድ (ጫፉ ላይ ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ያለው ውሁድ) ካገኘ ካርቦን ሞኖክሳይዱን መንጭቆ ለራሱ ይይዛል፣ ያም ቢጫ ነው፣ ግን ያኛው የሞተ ነው። በኢንፍራሬድ ብርሃን ምርመራ ላይ 1960 አካባቢ ጠንካራ መስመር ካየሽ እሱ ነው። ካርቮን አልዲሃይድ ስለሌለው በዚህ አትጨነቂ።
የምፈራልሽ ኦክስጅንን ነው። ዱቄቱ አየር ይችላል፣ ሲሟሟ ግን አይችልም፣ ፎስፊኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይበላሻል። ቶልዊኑን ናይትሮጅን በደንብ አስነፊበት፣ ፊኛውን ከዚያ በኋላ ስኪ።
ደሞ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፊኛሽም ያን ያህል ነው የሚሰጥሽ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አትመኚ፣ ቀስ ቢል አይግረምሽ።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ምላሹ ማለቁን በምን ልወቅ? ካታሊስቱ ሲያልቅብኝስ ራሴ ልሥራው?

ሐረጎ፦
ናሙናውን አዲስ አበባ ለኤንኤምአር ላኪ፣ የሞለኪውሉን ሃይድሮጅኖች በየቦታቸው በፒክ የሚያሳይ ምርመራ ነው። 4.7 አካባቢ ያሉት የውጭው ቦንድ ፒኮች ጠፍተው 6.7 ላይ ያለው የቀለበቱ ከቀረ ተሳክቶልሻል።
መሥራቱ ቀላል ነው፣ ሮዲየም ክሎራይድን ከብዙ ትራይፊኒልፎስፊን ጋር በሚፈላ ኤታኖል ማብሰል። እዚህ ኤታኖል በ78 ሳይሆን በ71 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ስለዚህ ጊዜ ስጪው። ችግሩ ክሎራይዱን የሚገዛ ኪስ ማግኘቱ ነው።

ቦርከና፦
ከካታሊስቱ 925 የሞለኪውል ክብደት ሮዲየሙ 103ቱ ብቻ ነው፣ ቢሆንም ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። ዝቃጩን ሲንክ ውስጥ እንዳትደፊ፣ በጠርሙስ አጠራቅሚው።