የአምባሰል ዜማ ወደ ማዙርካ፦ ቴምፖው ስንት ይሁን?

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። በአምባሰል ቅኝት የሚዜም አንድ የቆየ የወሎ ዜማ ለማሲንቆና ለአኮርዲዮን በማዙርካ (በሦስት ምት የሚሄድ የፖላንድ ጭፈራ) እየሠራን ነው። ዜማው በ6/8 ችክችካ ነው፣ ነጥብ ባለው ሩብ ኖታ በደቂቃ 100 ይሄዳል። ወደ 3/4 ስንወስደው ዋልትዝ ይሆንብናል፤ ወደ 180 ስናፈጥነው የማሲንቆው ጌጥ ይጠፋል። ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ከምን ተነስተን እንወስን?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
መጀመሪያ ምቱን አስተካክሉ፤ ዋልትዝ ያስመሰለው ፍጥነቱ አይደለም። ዋልትዝ አንደኛውን ምት ይረግጣል፣ ማዙርካ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን። የችክችካው ባር (የምቱ አንድ ዙር) ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ነው፤ አራት ኖታ። እነዚያኑ አራቱን በተራቸው ነጥብ ያለው ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ፣ ሩብ፣ ሩብ አድርጓቸው። ያኔ ሁለተኛው ረጅም ኖታ ልክ ሁለተኛው ምት ላይ ያርፋል። ኖታውን ሳትነኩ ባሩን ብቻ 3/4 ካላችሁት ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ምት መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አጃቢውም መያዣ ሲያጣ አንደኛውን ይረግጣል።

ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ ስሌት ነው። የባሩ ሁለት ምት ሦስት ስለሚሆን፣ 100 በ1.5 ሲባዛ ሩብ ኖታ 150 ይሆናል፤ ሁለቱም ባር 1.2 ሰከንድ ይፈጃል። ከ150 ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አትሂዱ።

ጦሳ ሥር
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በ150ም ግን ማሲንቆው ይጣደፋል።

የደጋን እጅ (ደሴ)
ጌጥ የሚበዛበትን ባር ለይታችሁ አውጡ፣ ብዙ ጊዜ የስንኙ መዝጊያ ነው። እሱን ብቻ ከ126 ጀምራችሁ አራት አራት እየጨመራችሁ ተጫወቱት። አሥራ ስድስተኛዋ ከሚቀጥለው ሩብ ጋር ስትጣበቅ አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ ቴምፖው እሱ ነው። በ180 ያቺ ኖታ 0.08 ሰከንድ ብቻ ናት፣ በ138 ወደ 0.11 ትደርሳለች፤ ለጆሮ ትልቅ ልዩነት ነው። ፖላንዶችም ረጋ ያለውን ኩያቪያክ፣ ፈጣኑን ኦቤሬክ ብለው ለይተውታል። ይህ ዜማ ወደ ኩያቪያኩ ቢያደላ ያምርበታል።

ደጋኑ ሁለተኛው ምት ላይ አቅጣጫ ይቀይር። የደሴ ጉም ደግሞ የማሲንቆውን ቆዳ ያላላዋል፤ ከመጫወታችሁ በፊት ሞቅ ካላደረጋችሁት ምቱ ይታፈናል።

ቦርከና
አኮርዲዮኑን አደራ። ከዶ የተነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ሚ የሚባል የለውም። የግራ እጅ የዶ ኮርድ ቁልፍ ግን ሜጀርም ሆነ ማይነር ሚን ወይም ሚ ቤሞልን ይዞ ስለሚመጣ ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ዶ ላይ ዶና ሶልን በባስ ቁልፍ ብቻ ያዙ። ፋ ማይነርና ሬ ቤሞል ሜጀር ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው፣ በነሱ አትስጉ። አንደኛው ምት ላይ ባሱን በስሱ ነክታችሁ፣ ሁለተኛው ላይ ወናፉን ገፋ አድርጉት።