የማያርፉ እጆች፣ የሚዘገይ ትዕዛዝ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ሰባት ሠራተኞች ያሉት የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የማንም እጅ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም፤ ይሁንና በ10 ቀን አስረክባለሁ ያልኩት የወንበር ትዕዛዝ 20 ቀን ይፈጅብኛል። በካይዘን (ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) ገለጻ ላይ የሰማኋቸውን አምስቱን «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅን፣ ተግባራዊ አድርጌ መሣሪያዎቹን ሁሉ በግድግዳ ላይ በሥርዓት ሰቅያለሁ። ቤቱ አምሯል፤ መዘግየቱ ግን አልቀረም። ብክነቱን በምን ልለየው?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)
ሠራተኞቹን መመልከቱን ለጊዜው ይተዉና አንድ የወንበር እግር ይከታተሉ። የጃፓኑ መኪና አምራች የቶዮታ መሐንዲስ የነበረው ታይቺ ኦኖ ብክነትን በሰባት ከፍሎታል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ትርፍ ሂደት፣ ክምችት፣ ትርፍ እንቅስቃሴና ጉድለት ያለበት ምርት። እርስዎ መሣሪያ በመስቀል የቀነሱት እንቅስቃሴን ብቻ ነው። በእግሩ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጻፉና ከመሰንጠቂያው ጀምሮ ቫርኒሽ እስኪቀባ ድረስ በየደረጃው የደረሰበትንና የተነሣበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ። እኔ በብረታ ብረት ሥራ ቤቴ አንድ በር በዚህ መንገድ ስከታተል፣ በእጅ የተሠራበት ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም፤ ዘጠኝ ቀን ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

መልስ (ከደብረ ብርሃን)
በዚህ እስማማለሁ፤ ሰባቱን ግን በእኩል ዓይን አይዩአቸው። ኦኖ ከሁሉ የከፋ ያለው ከሚፈለገው በላይ ማምረትን ነው፤ ሌሎቹን ይሸፍናልና። «ማሽኑ አንዴ ከተነሣ» ተብሎ የ30 ወንበር እግር በአንድ ቀን ሲቆረጥ ሁሉም ሥራ የያዘ ይመስላል፤ ልኬቱ መሳሳቱ የሚታወቀው ግን ሲገጣጠም ነው፣ ያን ጊዜ እንጨቱ ሁሉ አልቋል። የስድስት ስድስት ወንበር ይቁረጡ። ማሽኑን ደጋግሞ ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል የሚሉዎት ሠራተኞች አልተሳሳቱም፤ ለየልኬቱ ቋሚ ፎርማ (ልኬቱን የሚይዝ ሞዴል) ቢያዘጋጁ ግን ይቀልላቸዋል።
የአገራችንንም ብርድ አይርሱ። በኅዳር ውርጭ በማለዳ የተቀባ ኮላ በደንብ አይዝም፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቢቀባ ግን ድጋሚ ሥራ ይቀንሳል።

ጠያቂው (ከሳምንት በኋላ)
ስድስት እግሮች ተከታተልኩ። ለረጅም ጊዜ የቆሙት ከመላጊያው ዘንድ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ደብተሩ የሚያሳየው ግን እኔ ልኬቱን አይቼ «ይለፍ» እስክል ሁለት ቀን ተኩል መቀመጣቸውን ነው። እንጨት ልገዛ፣ ሂሳብ ልሰበስብ ስወጣ ሥራው ከኔ ጋር ይወጣ ኖሯል። ልኬቶቹን በወረቀት አስፍሬ ማረጋገጡን ለዋናው አናጺ ሰጥቻለሁ፤ እርግጥ ነው፣ ትናንትም ሁለት ጊዜ ሄጄ ለካሁ።