ማንዳሪን ዓሣ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ የትኛውን ዓሣ፣ በየትኛው ምግብ?

ለኮራል ገንዳችሁ (ኮራልና የባሕር ዓሣ ለምታኖሩበት የጨው ውኃ ገንዳ) ማንዳሪን ለማምጣት አስባችሁ ጥቆማ ለጠየቃችሁ፦ ሁለት አሳድጌአለሁና የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ከባሕር የተያዘ ነበር። ሻጩ «ያገኘውን ሁሉ ይበላል» አለኝ፤ አምኜው ወሰድኩ። ዓሣው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ይውላል፤ ድንጋዩን ይጠጋል፣ ዓይኑን ያንከባልላል፣ ጠቅ ያደርጋል፣ ያልፋል። እኔም የጠገበ መሰለኝ። አንድ ቀን ከላይ ሳየው ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለው ሥጋ አልቆ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ነበር። በረሃብ ሞተ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይህ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዓሣ በተፈጥሮው የሚኖረው ኮፔፖድ የሚባሉትን፣ ነጥብ የሚያካክሉ የሽሪምፕ ዘመዶች ከማለዳ እስከ ማታ እየለቀመ ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ያሉትን በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ገንዳችሁ ዓመት ገደማ ካልሞላው ታገሡ።

ከባሕር ከተያዘውና በሰው እጅ ከተፈለፈለው የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ያለማመንታት ሁለተኛው እላለሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሲሸጥም ገና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀዘቀዘ (በረዶ ሆኖ የሚሸጥ) ምግብ ለምዶ ይመጣል። ያም ሆኖ ሻጩ ዓይናችሁ እያየ እንዲመግበው ጠይቁ። እምቢ ካለ ትታችሁ ውጡ።

በጠርሙስ ከሚሸጡት ኮፔፖዶች ቲግሪዮፐስ ቀይና ትልቅ ነው፤ እየዋኘ ስለሚታይ ዓሣው ይሻማበታል። ሆኖም ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ስለሚወድ በ25 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ እምብዛም አይራባም። ለመራቢያ ቲስቤን ምረጡ፤ ትንሽ ነው፣ በድንጋይ ስንጥቅ እየተደበቀ ይራባል። መብራት ከጠፋ በኋላ ፓምፑን ለጥቂት ጊዜ አቁማችሁ ድንጋዩ ሥር አፍስሱት። ጠርሙስ መግዛት ብቻውን ግን አያዛልቅም። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ዓሣ የማይገባበት፣ ኬቶሞርፋ የሚባል ክር መሰል አልጌ የሚያድግበት ትንሽ ተጓዳኝ ገንዳ ሥሩ። ኮፔፖዱ እዚያ ሳይበላ ተራብቶ ወደ ዋናው ገንዳ ይፈስሳል።

ከቀዘቀዘ ምግብ የዓሣ እንቁላልና ማይሲስ የሚባሉት ትንንሽ ሽሪምፕ መሰሎች ጥሩ ናቸው። ማንዳሪን ዘገምተኛ በላተኛ ስለሆነ ሌሎቹ ይቀድሙታል፤ እኔ ምግቡን አፈ ጠባብ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አስቀምጥለታለሁ፣ ቦታውን ለምዶ ራሱ ይገባል። ባለ ስድስት መስመሩን «ራስ» (six-line wrasse) የሚባለውን ዓሣ ግን አብራችሁ አታኑሩ፤ የሚለቅመው ያንኑ ኮፔፖድ ነው። ሁለት ወንዶችንም አንድ ላይ አታድርጉ፣ ይጋደላሉ፤ ወንዱን የፊተኛው የጀርባ ክንፉ እሾህ ረዝሞ ስለሚታይ ትለዩታላችሁ።

ሁለተኛው ዓሣዬ በሰው እጅ የተፈለፈለ ነው። የብዙ ዓሦች ሰማያዊ መልክ የብርሃን ነጸብራቅ ሲሆን የእርሱ ግን እውነተኛ ቀለም ነው። ዛሬ ማታም ከላይ አየሁት፤ ጀርባው ሞልቷል።