ሙርሲሊ ባቢሎንን ይዞ ለምን ጥሏት ተመለሰ? ስለ ኬጢያውያን ነገሥታት ጥያቄ አለኝ

የለገጣፎዋ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ጠዋት ከለገጣፎ ወደ መገናኛ ስሄድ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ስልኬ ላይ አነባለሁ። ሰሞኑን የያዘኝ የኬጢያውያን ታሪክ ነው። ከልጅነቴ የማውቃቸው በሁለት ሰው ብቻ ነበር፦ ለአብርሃም የመክፈላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር በሸጠው በኤፍሮንና ዳዊት ሚስቱን ወስዶ ባስገደለው በኦርዮ። አሁን ሳነብ ግን ዋና ከተማቸው ሐቱሳ ከከነዓን ርቃ፣ ቱርክ ውስጥ ከአንካራ በስተምሥራቅ፣ ቦጋዝካሌ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሆና አገኘኋት።

ሁለት ነገር አልገባኝም። ቀዳማዊ ሙርሲሊ የሚባለው ንጉሣቸው መጀመሪያ የሶርያዋን ሐለብን (አሌፖን) አጠፋ፣ ከዚያ በ1595 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ባቢሎን ድረስ ወርዶ የሐሙራቢን ሥርወ መንግሥት ገረሰሰ ይላል። ከዚያስ? ዘርፎ ወደ አገሩ! የዚያን ዘመን ትልቋን ከተማ ይዞ ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ንጉሥ ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ የቃዴስ ጦርነት ነው። አንዱ የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ አሸነፈ ይላል፣ አንዱ የኬጢው ንጉሥ ሙዋታሊ፣ አንዱ እኩል ለእኩል። ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ጭቃ ሰሌዳ

እህቴ፣ ኤፍሮንንና ኦርዮን ለጊዜው ለብቻ አስቀምጫቸው። የሐቱሳ መንግሥት የፈረሰው በ1180 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው፤ ዳዊት የነገሠው ከዚያ ወደ ሁለት ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ከውድቀቱ በኋላ ግን በሰሜን ሶርያ በከርከሚሽና በሌሎችም ከተሞች የድሮውን መንግሥት ወግ የቀጠሉ ትንንሽ ነገሥታት ነበሩ። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ላይ ሶርያውያን የኬጢያውያን ነገሥታት መጡብን ብለው ድንኳናቸውን ጥለው የሚሸሹት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሙርሲሊ ስንመጣ፣ መልሱ ያለው ከቤተ መንግሥቱ ነው። ከባቢሎን ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ የእህቱ ባል ሐንቲሊ ከዚዳንታ ጋር ሆኖ ገደለው። ሐንቲሊ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ እንግዲህ ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ገምቺ። ከዚያ ወዲህ ዙፋኑ የደም ሆነ። ዚዳንታ የሐንቲሊን ልጅ ገደለ፣ ዚዳንታን ደግሞ የገዛ ልጁ አሙና ገደለው። ይህን ሁሉ ጽፎ ያስቀመጠልን በ1500 ቅ.ል.ክ. ገደማ የነገሠው ቴሊፒኑ ነው። እሱም በተራው ሥርዓት አወጣ፦ የመጀመሪያዪቱ ሚስት ልጅ ይንገሥ፤ እሱ ከሌለ የሁለተኛዪቱ ልጅ፤ ወንድ ጨርሶ ከጠፋ የትልቋ ሚስት ሴት ልጅ ታግባና ባሏ ይንገሥ። ደም ያፈሰሰ ንጉሥ ቢሆን እንኳ ጉባኤው ይፍረድበት አለ። ቤቱ እንዲህ የሚታመስበት ንጉሥ ባቢሎን ተቀምጦ ሊገዛ አይችልም።

የሱሉልታ ድርቆሽ

ጭቃ ሰሌዳ የጻፈው ልክ ነው። ግን የጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው፤ እኔ ከበረት ልጀምር።

በሠራዊቱ ውስጥ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ስንቅና ትጥቅ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሣር አሳጭጄ ለከተማው ዳር ላም አርቢዎች እሸጣለሁ። ስለዚህ የጦርነት ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ጀግናውን ያልፍና ጀግናው የሚበላውን ይፈልጋል። አመል ነው፣ አይለቅም።

ልጄ፣ እስቲ ቃዴስን እናስላ። ግብፆች በቤተ መቅደሶቻቸው ግድግዳ ላይ እንደቀረጹት ሙዋታሊ 3,500 ሠረገላና 37,000 እግረኛ አሰልፏል። የጠላቱን ቁጥር የሚያበዛ ሰው የሚያከብረው ራሱን ነውና እንዳለ አትቀበይው። ለሂሳብ ግን ይሁነን። አንድ ሠረገላ የሚስበው በሁለት ፈረስ ነው፣ ስለዚህ 7,000 ፈረስ። ተለዋጩን ተይው። ለአንድ ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ድርቆሽ ብንይዝ (የዚያ ዘመን ፈረስ ትንሽ ነበር፣ የእኛም ትንሽ ነው፣ እሺ ትንሽ ቀንሺለት) በቀን 700 ኩንታል ነው። በቀን! 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ 14 መኪና መሆኑ ነው። እሱም ቢሆን በወረቀት ነው፤ ድርቆሽ ቦታ ይፈጃል እንጂ አይከብድም፣ መኪናው ሚዛኑ ሳይደርስ ጣሪያው ይሞላል። ውኃውን ገና አላነሳሁም። አንድ ፈረስ 30 ሊትር ቢጠጣ ከ200,000 ሊትር በላይ ነው። ቃዴስ ያለችው በኦሮንቴስ ወንዝ ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሁለቱ ኃያላን በዚያ መገናኘታቸው አይገርመኝም። ወሩም ግንቦት አካባቢ ነበር፤ በዚያ አገር እህል የሚደርስበት ጊዜ።

ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚጓዝ ሠራዊት የለም። ፈረሱ የሚበላው የደረሰበትን አገር ነው። ስለዚህ የኬጢ ንጉሥ በረዶው ሲቀልጥ ይወጣል፣ የታውረስ ተራራ መተላለፊያ ሳይዘጋበት ይመለሳል። በእኛ ዜና መዋዕል ላይ “ንጉሡ በእገሌ አገር ከረሙ” የሚለውን አንብበሽ ከሆነ፣ ከቀዳማዊው ብዙ ዘግይቶ የነገሠው የዳግማዊ ሙርሲሊም መዝገብ የሚሄደው እንዲያው ነው፦ በዚህ ዓመት እዚህ ዘመትኩ፣ ያንን ያዝኩ፣ እዚህ ከረምኩ። በምዕራብ በነበረችው በአርዛዋ ዘመቻው ጊዜ ጠላት ሳያልቅለት ብርዱ ደረሰበትና በአስታርፓ ወንዝ ዳር ሰፈር ሠርቶ ከርሟል። የዓመቱን በዓል ያከበረው እዚያው ነው። በበጋው ፑራንዳ የምትባለውን ምሽግ ያዘ።

አሁን ወደ ባቢሎን። ከሐቱሳ እስከ ባቢሎን በአየር መስመር እንኳ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ካርቱም ካለው ይበልጣል። ወርዶ መዝረፍ ይቻላል፤ ኤፍራጥስ ውኃ ይሰጣል፣ የዳር ዳሩ መንደር እህል ይሰጣል። መያዝ ግን ሌላ ነው። ለመያዝ በየጥቂት ቀን መንገዱ የራስህ ጎተራ፣ ጎተራውን የሚጠብቅ ዘብ፣ ዘቡን የሚቀልብ አገር ያስፈልጋል። ሙርሲሊ በዚያ መንገድ ላይ አንድም የራሴ የሚለው ጎተራ አልነበረውም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ወርቁንና ምርኮውን ጭኜ እመለስ ነበር። ከተማዋን በኋላ የገዟት ካሳውያን የሚባሉ ሌሎች ሕዝቦች ናቸው።

ጭቃ ሰሌዳ ቴሊፒኑን አንስቷል። የእሱን ዓዋጅ ሰው የሚያነበው ለዙፋኑ ሕግ ነው። ከሥር ግን የእህልና የመኖ ጎተራ ያለባቸው ከተሞች ዝርዝር አለ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በዘር በዘሩ የሚጋደል ቤተ መንግሥት ያስታረቀ ሰው ወዲያው ወደ ጎተራ ቆጠራ ይሄዳል! ሐቱሳ ውስጥም ከመሬት በታች የተሠሩ ትልልቅ የእህል ጎተራዎች ተቆፍረው ተገኝተዋል፤ የተቃጠለ ገብስ እንዳለ በውስጡ።

የለገጣፎዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቃዴስን አሰሉልኝ እንጂ ማን እንዳሸነፈ አልነገሩኝም እኮ።

የሱሉልታ ድርቆሽ

ልክ ነሽ፣ ሂሳቡ ይዞኝ ሄደ።

ዓመቱ 1274 ቅ.ል.ክ. ነው። ራምሴስ አራት ክፍለ ጦር ይዞ መጣ፤ በግብፅ አማልክት በአሞን፣ በሬ፣ በፕታህና በሴት ስም የተጠሩ። ሁለት ዘላኖች ተይዘው ቀረቡና “ሙዋታሊ ፈርቶህ ገና ሐለብ አካባቢ ነው” አሉት። የተላኩት በሙዋታሊ ነው፤ እሱ ከቃዴስ ጀርባ ተደብቋል። ራምሴስ አምኖ ከአሞን ክፍል ጋር ቀድሞ ሄዶ ሰፈረ። ለስንቅ ሰው ይህ ራስ ምታት ነው፤ ሠራዊትህን በመንገድ ላይ እንደ ዶቃ በታትነህ፣ ያልተጣራ ወሬ ይዘህ ማደር! የኬጢ ሠረገሎች ወንዙን ተሻግረው በጉዞ ላይ የነበረውን የሬ ክፍል መካከሉን ሰነጠቁት፣ ከዚያ ሰፈሩን ገቡበት። በአንድ ሠረገላ ሦስት ሦስት ሰው ነበሩ።

ራምሴስን ያዳነው ከአሙሩ (ከሶርያ ባሕር ዳር አገር) በኩል በጊዜው የደረሰ ሌላ ኃይል ነው። እሱ ራሱ ግን “ብቻዬን ተዋጋሁ፣ አሞን ረዳኝ” ብሎ ከአቡ ሲምበል እስከ አቢዶስ አስቀርጿል። ሥዕሉ ላይ የሐለብ ገዥ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ወጥቶ ውኃው እንዲወጣለት ወታደሮቹ እግሩን ይዘው ዘቅዝቀውት ይታያል። እውነቱን ለመናገር ግብፆች ሲቀልዱ ይችሉበታል።

ከዚያ በኋላ ግን ራምሴስ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቃዴስ ከኬጢ እጅ ቀረች፣ አሙሩንም ሙዋታሊ መልሶ ያዘ፣ ጦሩ እስከ ደማስቆ አካባቢ ወረደ። በዕለቱ ሜዳ ላይ ማን በለጠ ለሚለው ክርክሩ ይቀጥል። እኔ የምጠይቀው ግብሩን ማን ሰበሰበ ነው። ሙዋታሊ ነው የሰበሰበው።

ጭቃ ሰሌዳ

ጋሼ፣ እርስዎን መከራከር ይከብዳል፣ ግን ሁሉንም በድርቆሽ አይጨርሱት። የዳግማዊ ሙርሲሊ አባት ቀዳማዊ ሹፒሉሊዩማ የሰሜን ሶርያውን መንግሥት ሚታኒን ሲሰብርና ከርከሚሽን በስምንተኛው ቀን ሲይዝ ስንቁ ሞልቶለት ነበር። የጣለው ሌላ ነው። ከርከሚሽን ከቦ እያለ ከግብፅ ንግሥት መልእክት ደረሰው፦ ባሌ ሞቷል፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ከልጆችህ አንዱን ላክልኝና ባሌ ይሁን። ተጠራጥሮ ሰው ልኮ አጣራ። በመጨረሻ ልጁን ዛናንዛን ሰደደ፣ ልጁ ሞተ። አባትየው በቁጣ የግብፅን ግዛት አስመታ፣ ምርኮኛ አመጡ፤ ከምርኮኞቹ ጋር ወረርሽኝ መጣ። በሽታው አገሪቱን ሃያ ዓመት እንደፈጃት ልጁ ዳግማዊ ሙርሲሊ ለአማልክቱ ባቀረበው ጸሎት ላይ ጽፏል። ሹፒሉሊዩማ አለፈ፣ አልጋ ወራሹም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

ሰሜኑን ደግሞ አይርሱት። ካስካዎች ከጥቁር ባሕር ዳር ተራሮች እየወረዱ ሐቱሳን ራሷን አቃጥለዋል። አንድ ንጉሥ ስለሌላቸው አንዱን ብትመታው ሌላው አለ፣ ውልም ቢገቡ የሚያስከብረው የለም። እነሱ ባሉበት ደቡብ ብዙ መቆየት አይቻልም።

የሱሉልታ ድርቆሽ

ስለ ወረርሽኙ እጄን ሰጥቻለሁ። የካስካው ግን የእኔ ምስክር ነው! ሰብል የሚያቃጥልና ከብት የሚነዳ ጠላት ከጎተራህ ጀርባ ካለ፣ ስንቅህ አልተነካም ማለት ትችላለህ?

ዳግማዊ ሙርሲሊን እዚህ ላይ እወደዋለሁ። አባቱም ወንድሙም ሞተው በልጅነቱ ነገሠ፤ ዙሪያው ያለው ሁሉ “ይኼ ሕፃን ነው” ብሎ ናቀው። ከካስካ ወገን ፒሑኒያ የሚባል ሰው ተነሣ፤ እንደ ካስካ ልማድ ሳይሆን እንደ ንጉሥ ብቻውን ይገዛ ነበር ይላል ሙርሲሊ ራሱ። የወሰድከውን ሕዝብ መልስ ቢለው፣ ምንም አልመልስም፣ ብትመጣም የምገጥምህ አንተው አገር ላይ ነው አለው። ተያዘና ወደ ሐቱሳ ተወሰደ።

የሰበታው

የሁለቱን አገሮች ውል የረሳችሁት መሰለኝ። በ1259 ቅ.ል.ክ. ራምሴስና የኬጢው ንጉሥ ሦስተኛው ሐቱሲሊ ታረቁ፤ አንዱ ሲጠቃ ሌላው ሊረዳ፣ የሸሸ ሰው ሊመለስ፣ የተመለሰውም እንዳይጎዳ። የግብፁ ቅጂ ካርናክ ግድግዳ ላይ አለ፣ የሐቱሳው የጭቃ ሰሌዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 በቁፋሮ ወጣ። የእሱ አምሳያ ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ተሰቅሏል።

የለገጣፎዋ

ሐቱሲሊ ግን ለምን ታረቀ? እያሸነፉ ነበር ካላችሁ።

ጭቃ ሰሌዳ

ምክንያቱም ዙፋኑ የወንድሙ ልጅ የኡርሒ ቴሹብ ነበር፣ ነጥቆ ነው የነገሠው። የተነጠቀው ልጅ በመጨረሻ ግብፅ ገባ። በምሥራቅም አሦር እያበጠች ነበር። የራምሴስ ፊርማ ማለት “አንተ እውነተኛ ንጉሥ ነህ” ማለት ነው። ንግሥቲቱን ፑዱሄፓን ግን እንዳታልፏት፤ በውሉ ላይ የራሷ ማኅተም ነበረበት። ልጇን ለራምሴስ ስትድር ሙሽራዪቱ ከነንብረቷ ዘገየች ብሎ ቢጽፍላት፣ ግምጃ ቤታችን ተቃጥሏል፣ የተረፈውንም ኡርሒ ቴሹብ ጨርሶታል፣ እሱ ያለው አንተው ዘንድ ነውና ጠይቀው አለችው።

የሱሉልታ ድርቆሽ

አቤት ሴትዮዋ!

መጨረሻውን እኔ ልጨምር። የራምሴስ ልጅ መርኔፕታህ የሐቲ (የኬጢ) ምድር በሕይወት እንዲቆይ እህል በመርከብ ላክሁ ብሎ ጽፏል። ከኬጢ ቤተ መንግሥት ለሶርያዋ የወደብ ከተማ ለኡጋሪት የተጻፈ ደብዳቤም አለ፤ 450 ቶን ያህል እህል በመርከብ ወደ ኡራ ወደብ አድርሱ፣ ነገሩ የሞት የሽረት ነው የሚል። ባቢሎንን የደፈረ መንግሥት እህል በልመና ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሐቱሳ ባዶዋን ቀረች።

የሰበታው

ጋሼ፣ ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። ሁለት የወተት ላም አለችኝ፣ ድርቆሹን ስንት ይሸጣሉ? ሰበታ ድረስስ ያመጣሉ?

የሱሉልታ ድርቆሽ

በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ማመላለሻው በአንተ ነው።