አባባ «ማጭድ ምንድን ነው?» ይላሉ፤ ምን ላድርግ?

የደጀን ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ አባቴ ምክር ፈልጌ ነው። 62 ዓመታቸው ነው፣ ገበሬ ናቸው፣ በልጅነታቸውም ዲማ ቅኔ ተምረዋል። ሁለት ዓመት ሆነው ቃል መጥፋት ከጀመረባቸው። መጀመሪያ «ያ ነገር፣ ያ ዕቃ» ማለት አበዙ። ባለፈው ግን እናቴ «እስቲ ማጭዱን አቀብሉኝ» ብትላቸው «ማጭድ ምንድን ነው?» አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። የምራቸውን ነበር! በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ማጭድ ይዘው ሲያጭዱ ዋሉ። ጤፉም ገብሱም «እህል» ሆኗል፣ በጉም ፍየሉም «ከብት»።

ገበያ ሄደው ይመለሳሉ፣ መንገድ አይጠፋባቸውም፣ ትናንት ማን እንደመጣም ያስታውሳሉ። የባሰው ጠባያቸው ነው። ታላቅ ወንድማቸውን እንኳ አንቱ የሚሉ ሰው፣ የነፍስ አባታችንን ሰው ፊት «አንተ» አሏቸው። ለቅሶ ቤትም ቁጭ ብለው ሳቁ። ጎረቤቱ ግማሹ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ግማሹ ንቀውናል ብሎ ተቀይሟል። እርጅና ነው? የት ልውሰዳቸው?

ሞጣ፦
እርጅና ነው እህቴ፣ አትጨነቂ። የኔም አያት የሰው ስም ይጠፋባቸው ነበር። ጠበል ውሰጃቸው።

ሲስተር ከማርቆስ፦
ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። እርጅና ነው ብሎ መተዉን ግን አልስማማም። ስም ሲጠፋብን «አፌ ላይ ነበር» እንላለን፣ ሰው ሲነግረን ደግሞ «አዎ፣ እሱ!» እንላለን። የአባትሽ እንደዚያ አይደለም፣ ቃሉ ተነግሯቸውም ባዶ ድምፅ ነው የሆነባቸው።

በአንድ ቀን ድንገት የመጣ ቢሆን፣ ወይም አፍ መጣመምና እጅ መዛል ቢኖረው፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሩጪ እልሽ ነበር። ቀስ ብሎ የመጣ ስለሆነ ባሕር ዳር ሪፈራል ውሰጃቸውና የነርቭ ሐኪም ጠይቂ። ከሌለ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለ፣ ሪፈር ያጽፉልሻል። የደም ምርመራ ይታዘዛል፦ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ። እነዚህ ሁሉ አእምሮን ሊያውኩ ይችላሉ፣ መድኃኒትም አላቸው። ጆሯቸውም ይታይ። አረቄ የሚያበዙ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ። ደግሞ ከፋርማሲ «የማስታወሻ መድኃኒት» በራስሽ እንዳትገዢ፣ ለአልዛይመር (ለመርሳት ሕመም) የሚሰጠው አንዳንዱን ሕመምተኛ ያባብስበታል።

አንጎል አጥኚ፦
ሐኪም አይደለሁም፣ የማጠናው ግን ይህንኑ ነው። ያልሽው ሁሉ ሴማንቲክ ዲሜንሺያ ከሚባለው፣ የቃልና የነገር ትርጉም ቀስ በቀስ ከሚጠፋበት የአንጎል ሕመም ጋር ይመሳሰላል፣ መለየት ግን የሐኪም ነው፣ ኤምአርአይም (የአንጎል ምስል የሚያነሳው ምርመራ) ሳያስፈልግ አይቀርም።

ዶሮን አስቢ። መልኳን የሚያውቀው የአንጎል ክፍል ሌላ ነው፣ ጩኸቷን የሚያውቀው ሌላ፣ የወጡን ሽታ የሚያውቀው ደግሞ ሌላ። ይህ ሁሉ ተገናኝቶ «ዶሮ» የሚሆንበት ቋጠሮ ቴምፖራል ሎብ የሚባለው ክፍል የፊተኛው ጫፍ ነው፣ ከጆሮ ወደ ዓይን በኩል። ይህን አሳብ ተመራማሪዋ ካራሊን ፓተርሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 አብራርተው ጽፈውታል። ሕመሙን ደግሞ ሌላዋ ተመራማሪ ኤልሳቤጥ ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1975 ሦስት ሕመምተኞች ላይ አሳይታለች። ቋጠሮው ሲላላ መጀመሪያ የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው፣ ጤፍ ይሄድና እህል ይቀራል። የትናንቱን የሚይዘው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ለጊዜው ደህና ነው፣ መንገዱ ያልጠፋባቸው ለዚህ ነው። ማጭዱም ቢሆን ስሙ ጠፋ እንጂ እጃቸው የለመደውን አልረሳም።

አሁን ወደ ተቀየሙት ጎረቤቶች። ግራው ጫፍ ሲጎዳ ይበልጥ ቃል ይጠፋል፣ ቀኙ ሲጎዳ ደግሞ የሰው ፊት መለየትና የሰው ሆድ ማወቅ ይጎዳል። ሕመሙ ከአንዱ ወገን ቢጀምርም ወደ ሌላው ይሻገራል። «አንቱ» እኮ ቃል ብቻ አይደለም፣ ማን ከማን እንደሚከበር ማወቅ ነው። ስለዚህ ማጭዱም አንቱታውም የጠፋው በአንድ በር ነው። ንቀት አይደለም። እስቲ ተረት ሲነገራቸው ምን ይላሉ?

የደጀን ልጅ፦
ወይኔ! «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ብላቸው «እንቁላል እግር አለው እንዴ?» አሉኝ። ሰምና ወርቅ ሲፈቱ ያደጉ ሰው!

የቢቸና እህት፦
አይዞሽ የኔ እህት። እናቴ እንዲህ ነበረች። የሚያድን መድኃኒት የለውም ብለውናል፣ እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው። አያያዝ ግን ብዙ ነገር ያቀላል። እኔ ያጠፋሁት ጥፋት «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» እያልኩ ስፈትናት መዋሌ ነው፣ ታለቅስ ነበር። በኋላ ስሙን ስጠራ ዕቃውን አብሬ ማሳየት ጀመርኩ፣ ማንኪያ ስል ማንኪያውን አነሳለሁ። ዕቃዋን ሁሉ የለመደችው ቦታ ላይ ተውኩላት፣ አዲስ ጀሪካን ሲገዛ ምን እንደሆነ አታውቀውም ነበር፣ የድሮውን ግን ራሷ ትቀዳበታለች። ደግሞ የመሬት ደብተራቸውን አንቺ ያዢ! እኛ ቤት አንድ ዘመድ መጥቶ የኪራይ ውል አስፈርሟት ሄደ፣ እስካሁን እንካሰሳለን።

ሐኪም ፊት ደግሞ ደህና ስለሚመስሉ፣ ቤት ሲያወሩ በስልክ ቪዲዮ ቅረጫቸው።

የደጀን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቪዲዮውን ቀርጫለሁ። ለነፍስ አባታችንም ነገርኳቸው፣ ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው እኔ አንቱ እላቸዋለሁ» አሉ። ማክሰኞ ባሕር ዳር ነን። ሲስተር፣ ለደም ምርመራው ቁርስ ይከለከላል?

ሲስተር ከማርቆስ፦
ለታይሮይድና ለቢ12 ቁርስ አይከለክልም፣ ሌላ የሚታዘዝ ካለ እዚያው ይነግሩሻል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዢ፣ የባህሉንም ጭምር።