ኡጋንዳ ከቺምፓንዚዎች ጋር በበጎ ፈቃድ የሠራ ሰው አለ?

የጣናዳር፦

ሰላም ናችሁ? ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ክረምት ሲገባ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ የአንድ ወር ፈቃድም ተጠራቅሞልኛል። እህቴ ካምፓላ ስላለች ልጠይቃት ልሄድ ነው። እግረ መንገዴን እናታቸው የተገደለችባቸው ቺምፓንዚዎች የሚያድጉበት ማዕከል ገብቼ ሁለት ሳምንት ብሠራ ብዬ አሰብኩ።

የጦጣ ነገር አይሆንልኝም። እንግዳ ይዤ ዘጌ ስሄድ መጨረሻ ጀልባ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ባለፈው አንዷ ከአንድ ሰውዬ እጅ ሙዙን ላፍ አድርጋ ዛፍ ላይ ወጣች። ልጇ ሆዷ ላይ ተለጥፋ ቁልቁል ታየናለች፣ እናትየዋ ተረጋግታ በልታ ስትጨርስ ልጣጩን እኛው ላይ ጣለችው። ሰውዬው ተናደደ፣ እኔ ሳቄ አላቆም ብሎ ተቸገርኩ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ግራ ገባኝ። አንዱ ቦታ ለሁለት ሳምንት ሥራ በዶላር ክፈይ ይላል፣ ያውም ለኔ ደመወዝ የማይቀመስ። ጉልበቴን በነፃ እየሰጠሁ ለምን እከፍላለሁ? ሌላው ረከስ ይላል፤ ሕፃን ቺምፓንዚ አቅፈሽ በጡጦ ወተት ታጠጫለሽ ይላል። ፎቶዎቹን ብታዩ አንጀት ይበላሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወደ ሁለተኛው ነው። ሥራው በእውነት ምን ይመስላል? ክትባትስ ይጠይቃሉ?

አባይ ማዶ፦

አንቺ ልጅ፣ ጦጣ ለማየት በአውሮፕላን? ጢስ ዓባይ ድረስ በሚኒባስ ብትሄጂ ቦርሳሽን እስኪቀሙሽ ድረስ አሉልሽ። «መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። እዚህ ስንት ሥራ እያለ ዶላር ከፍለሽ የዝንጀሮ ቤት ልትጠርጊ? እኔማ ብሩን ለእናትሽ ስጪያት ነው የምለው።

የሽምብጥ ልጅ፦

ጋሼ ስለ መጥረጉ ልክ ብለዋል።

ኡጋንዳ ለሥራ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ማዕከል ውስጥ ሦስት ሳምንት በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦቲ ጫማ፣ ጓንት፣ ማስክ። ከዚያ መክተፍ ነው። ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ባልዲ በባልዲ፤ የሠርግ ሽንኩርት የከተፈች ሴት ብቻ ናት የምትረዳኝ። እነሱ ወደ ጫካው ሲለቀቁ ያደሩበትን ክፍል በውሃ ታጥቢያለሽ። ሽታውን አልነግርሽም፣ የመጀመሪያ ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ከሰዓት ደግሞ የቀዳዳ ሥራ እንለው ነበር፤ ግንድ ላይ ቀዳዳ በስተን ማር እንቀባለን፣ እነሱ ቀጭን እንጨት ሰብረው፣ ቅጠሉን አራግፈው፣ ጫፉን አኝከው ማሩን ያወጣሉ። እሱን ከአጥር ማዶ ቆሜ ሳይ ድካሙ ሁሉ ጠፋልኝ።

በሦስት ሳምንት አንዳቸውንም አልነካሁም። የነካችኝ አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፣ እሷም በምራቅ። አፏን ውሃ ሞልታ፣ ምንም እንዳላሰበ ሰው ጥጓን ይዛ ቁጭ ብላ፣ ልክ በአጠገቧ ሳልፍ ፊቴ ላይ ረጨችብኝ። ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለአዲስ ሰው ሁሉ እንደዚያ ናት አሉኝ።

ክፍያው እኔንም አናዶኝ ነበር። ግን አስቢው። ንጋምባ ደሴትን ውሰጂ፣ ከኢንቴቤ በጀልባ የሚኬድበት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው። 50 የሚሆኑ ቺምፓንዚዎች አሉበት፣ ደሴቱ በጠቅላላ ከ40 ሄክታር ብዙም አይበልጥም። ጫካው ብቻውን ሊያበላቸው አይችልም፣ ስለዚህ በየቀኑ ምግብ በጀልባ ይገባል። በዚያ ላይ አንድ ቺምፓንዚ በሰው እጅ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ዛሬ ሕፃን የተቀበለ ማዕከል የልጅ ልጁ እስኪደርስ ሊቀልበው ነው። የአንቺ አልጋ፣ ምግብ፣ የሚያሠለጥንሽ ሰው ጊዜ፣ እሱም ወጪ ነው። ዝም ብለሽ ግን አትክፈይ፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ጠይቂያቸው። ደህና ቦታ ከሆነ አይከፋቸውም፣ ዘርዝረው ይጽፉልሻል።

ወይራ፦

እኔ ያንን ሁለተኛውን ዓይነት ቦታ ሄጄበታለሁ። አገሩንም ስሙንም አልጠራም። አቀፍኩ፣ ጡጦ ሰጠሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ፎቶውን ያላየ ዘመድ የለኝም። ሕፃኗ በጣቷ የሹራቤን ቁልፍ ይዛ አልለቅም አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሲነጋ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ያለፉት ዓመታት ፎቶዎች ላይ ሁሉ ሕፃናት ናቸው። እነዚያ አድገው የት ሄዱ? ጠየቅኩ። አንዱ «ተዛውረዋል» አለኝ፣ ሌላው ወሬ ቀየረ፣ ሦስተኛው ሻይ ትጠጫለሽ ወይ አለኝ።

ቺምፓንዚ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ጉልበቱ ከሰው ጋር አይሆንም፣ ለእቅፍ አይመችም። ሁልጊዜ የሚታቀፍ ሕፃን ያለው ቦታ ከየት ነው የሚያመጣው? ጫካ ውስጥ ሕፃን የሚያዘው ደግሞ እናቱ ተገድላ ነው፤ እሷ ለሥጋ፣ ልጇ ለሽያጭ። እውነተኛ ማዕከል አያራባም። ሴቶቹን እንደኛው በክንድ ቆዳ ሥር በሚቀበር የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው የሚይዟቸው። እህቴ፣ ያንን ፎቶ አሁን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ዘመዶቼ ግን አሁንም ያጋሩታል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦

በክትባቱ በኩል ልግባ። ሰው ቺምፓንዚው ይነክሰኛል ብሎ ይፈራል። ይነክሳል፣ ቀልድ የለውም። ማዕከሎቹ ግን ከጥርሱ ይልቅ የሚፈሩት ያንቺን ንፍጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ኡጋንዳ፣ ኪባሌ ጫካ ውስጥ፣ አንድ የዱር ቺምፓንዚ መንጋ ውስጥ ጉንፋን ገባና 56 ከነበሩት 5ቱ ሞቱ። ቫይረሱ በሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በማስነጠስ የሚያልፍ ዓይነት ነው። አፍ ላይ የሚወጣው ምች እንኳን ለአንዳንድ ትናንሽ የጦጣ ዝርያዎች ገዳይ ነው። ስለዚህ ጉንፋን ይዞሽ ከደረስሽ ከእንስሳቱ አርቀው ሽንኩርት ቢያስልጡሽ አትቀየሚ።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞሽ 10 ቀን በፊት ተከተቢ፣ ቢጫ ካርዱ ድንበር ላይ ይጠየቃል። አንዴ ከተከተብሽ ዕድሜ ልክ ነው። ከዚያ ኩፍኝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ቫይረሶቹ፣ እንደ ቦታው የእብድ ውሻ በሽታም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እኛ በሕፃንነታችን ክንዳችን ላይ የተከተብን ስለሆንን የቆዳው ምርመራ ሳንታመም ሊያብጥ ይችላል። አትደንግጪ፣ ደረት ራጅ ተነስተሽ ውጤቱን ይዘሽ ሂጂ። የቆዳው ምርመራ የሚነበበው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነውና ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው።

ቦታ ስትመርጪ የአፍሪካ የፕራይሜት (የጦጣ፣ የዝንጀሮ፣ የቺምፓንዚ ወገን) ማቆያዎች ኅብረት፣ ፓሳ የሚባለው፣ አባል መሆኑን እዪ። እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የተመሠረተው፤ ንጋምባ አባል ነው። ኬንያ ዲያኒ ያለው የጉሬዛ ማዕከልም እንዲሁ። እነዚያ ጉሬዛዎቹ መኪና እንዳይገጫቸው አስፋልቱን በላይ የሚያሻግር የገመድ ድልድይ የሠሩላቸው ናቸው፤ እኔ ብሆን እሱን ነበር የማየው።

የጣናዳር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወይራ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። የርካሹን ቦታ ገጽ ዘጋሁት። ለሌላው ጻፍኩላቸው፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድም ጠየቅኩ፤ መልሱን እጠብቃለሁ።

ጋሼ አባይ ማዶ፣ እርስዎ «መጀመሪያ መቀመጫዬን» ካሉ ወዲህ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከሆቴላችን ሁለት ቤት አልፎ ያለ ግሮሰሪ ጓሮ ውስጥ አንድ ጦጣ ታስሯል። ወገቡ ላይ ገመድ አለ፣ ገመዱ የነካው ቦታ ፀጉሩ አልቋል። ደንበኞች ቢራ ያቀምሱታል፣ እሱ ሲንገዳገድ ይስቃሉ። በየቀኑ በዚያ ነው የማልፈው። ማታ ገብቼ ብፈታውና ዘጌ ወስጄ ብለቀውስ?

የእንስሳት ሐኪሙ፦

እንዳትፈቺው! በሰው እጅ ያደገ ጦጣ ብቻውን ሲለቀቅ የዚያ አካባቢ መንጋ ይነክሰዋል፣ ካልነከሰው ደግሞ ተመልሶ ሰው ቤት ይገባና በዱላ ይመታል። ባለቤቱንም አትጣዪው፤ ሌሊት ወደ ሌላ ቦታ ይሰውረዋል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማኖር በሕግ ክልክል ስለሆነ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ አሳውቂ። እንዲህ ዓይነት እንስሳ የሚቀበል ቦታ አገራችንም ውስጥ አለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ መንገድ ላይ፣ እንሰሳ ኮቴ ይባላል፣ ቦርን ፍሪ የሚባለው የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው። አንበሳም አቦሸማኔም ጦጣም አለበት።

አባይ ማዶ፦

ያንን ግሮሰሪ አውቀዋለሁ መሰለኝ። ይቅርታ፣ እኔም አንድ ቀን ቢራ አቅምሼዋለሁ። ቢሮ ስትሄጂ ምስክር ካስፈለገሽ እመጣለሁ።

የጣናዳር፦

ጋሼ ይምጡልኝ! ነገ ስንት ሰዓት ይከፈታል?

የእንስሳት ሐኪሙ፦

2 ሰዓት ተኩል። የጦጣውን ፎቶ አንሺና ይዘሽ ሂጂ፣ ገመዱና ወገቡ በደንብ ይታይ። አብረሽው ግን አትነሺ።